ሁሌም ፎቶው ውስጥ የነበረ ሰው፦ የማቲው ሄንሰን ጉዳይ

ማቲው ሄንሰን በ1912 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም የራሱን ፎቶዎች መጽሐፉ ውስጥ ከቷል (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አንዱ ከሰሜን ዋልታ ጉዞ እንደተመለሰ ወዲያው የተነሳው ነው። ሌላኛው ላይ የዋልታውን ጸጉራም ልብስ ለብሷል፤ ከሥሩ ግን ወደ ሰለጠነው ዓለም ከተመለሰ በኋላ የተነሳ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። በመጀመሪያው ሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ ከልክ ያለፈው ድካም ምን እንዳደረገው እዩ ይልና፣ አንባቢው ከሌሎቹ ምስሎቹ ጋር እንዲያስተያየው ይጠይቃል።

እኔን ይህ ነገር ይገርመኛል። አሳሽ ሲባል ጀግና መስሎ መታየት የሚወድ ሕዝብ ነው። "ያማረብኝን ብቻ አትዩ፣ የከሳሁበትንም እዩ" የሚል መጽሐፍ ብዙ አይገኝም።

ዛሬ የሄንሰንን ስም ብትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ግን ያማረው ነው። ፊቱን ጸጉራም ኮፍያ ከቦታል። ጢሙ ልክ ነው። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። ልብሱ እውነተኛ ነው፤ ብርዱ ብቻ የለም።

ሄንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1909 ሰሜን ዋልታ ደረስን ካሉት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው። ስሙ ለአሥርት ዓመታት ከታሪክ ተሰርዞ ነበር ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ስሙ ይረሳ እንጂ ፊቱ የትም አልሄደም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፎቶው ውስጥ አለ፤ ያውም መሃል ላይ ቆሞ። ታዲያ ሰው ሁሉ እያየው እንዴት ሳያየው ቀረ? ጉዳዩ ይሄ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፈው ላይ ይመስለኛል።

ከባርኔጣ ሱቅ እስከ ግሪንላንድ

ሄንሰን ኦገስት 8 ቀን 1866 ሜሪላንድ ውስጥ ቻርልስ ካውንቲ ተወለደ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ዓመቱ ነው። ወላጆቹ በነጻነት የተወለዱ ቢሆኑም መሬት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት አርሰው ከምርቱ የሚካፈሉ ጭሰኞች ነበሩ። ልጅ እያለ ሁለቱንም አጣ። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባልቲሞር ወደብ ላይ ኬቲ ሃይንስ የምትባል የንግድ መርከብ ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው መላላክና ማጽዳት ነበር። ካፒቴን ቻይልድስ ግን ልጁን ወደደው። ማንበብና መጻፍ አስተማረው፤ የባሕር ሥራም አሳየው። የሄንሰን ትምህርት ቤት ይህች መርከብ ናት ማለት ይቻላል።

በ1887 ዋሽንግተን ውስጥ ባርኔጣና ጸጉራም ልብስ በሚሸጥ ሱቅ ሲሠራ ሮበርት ፒሪ መጣ። ፒሪ የባሕር ኃይል መሐንዲስ ነው። ኒካራጓ ውስጥ ቦይ ለመቆፈር ለታሰበው ጥናት ሊሄድ ስለነበር ለሐሩር ፀሐይ የሚሆን ባርኔጣ ፈለገ። አሽከርም ፈለገ። ሄንሰንን ይዞት ሄደ። የሰሜን ዋልታ ታሪክ በፀሐይ ባርኔጣ ገበያ መጀመሩን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

በ1891 አብረው ወደ ግሪንላንድ ሄዱ። ሄንሰን 25ኛ ዓመቱን የያዘው እዚያ፣ የክረምት መጠለያቸውን ሲሠሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 18 ዓመታት ከሞላ ጎደል የአርክቲክ ዓመታት ሆኑ። እሳት የላሰ ሰው ነበር። የሰሜን ግሪንላንድ ነዋሪዎች የሆኑትን የኢኑግዊትን ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ ይናገራል። ውሾች የሚጎትቱትን የበረዶ ጋሪ ራሱ ይሠራል፤ ሲሰበር ይጠግናል። የአልኮል ምድጃ ይሠራል። ያድናል። አዲስ ለሚመጡት ነጮች ውሻ እንዴት እንደሚነዳ የሚያሳየው እሱ ነው። ከ1909ኙ ጉዞ አባላት አንዱ የነበረው ዶናልድ ማክሚላን በኋላ ሲመሰክር፣ ሄንሰን ለፒሪ የእኛ የሁላችን ድምር ያልሰጠውን ጥቅም ሰጥቶታል የሚል ሐሳብ ጽፏል። ደመወዙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የአሽከር ደመወዝ ነበር።

ከነዚህ ዓመታት አንዱን ክረምት ብቻ ልንገራችሁ፣ በኋላ ያስፈልገናል። በ1898 መጨረሻ ፒሪ ፍራቻ ያዘው። ኖርዌያዊው ኦቶ ስቨርድሩፕ ፍራም በምትባል መርከብ ወደዚያው አካባቢ መጥቶ ነበር። ስቨርድሩፕ ዓላማው ዋልታውን መቅደም አልነበረም፤ ፒሪ ግን ተፎካካሪ አድርጎ ነው ያየው። ፎርት ኮንገር የሚባለውን የተተወ የአሜሪካኖች ጣቢያ እንዳይቀድመው ብሎ፣ ፀሐይ በማትወጣበት ክረምት መሃል ገሰገሰ። ጃንዋሪ 1899 እዚያ ሲደርሱ የፒሪ እግሮች በርደው ደርቀዋል። ጫማውን ያወለቀለት ሄንሰን ነው። ፒሪ አብዛኞቹን የእግር ጣቶቹን አጣ። ሄንሰንና ኢኑግዊቶቹ በጋሪ ላይ አስረው በዚያ ጨለማና በረዶ ወደ መርከቡ መለሱት። ከዚያ በኋላ ፒሪ እንደ ልቡ የሚራመድ ሰው አልነበረም። በመጨረሻው ጉዞም ብዙውን ጊዜ በጋሪ ላይ ነው የተጓዘው። ሄንሰን ከፊት፣ ፒሪ ከኋላ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አምስት ባንዲራ

ሩዝቬልት የተባለችው መርከብ ጁላይ 6 ቀን 1908 ከኒውዮርክ ተነሳች። ክረምቱን በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ኬፕ ሸሪዳን አሳለፈች። በማርች 1909 መጀመሪያ የበረዶ ጋሪዎቹ ከኬፕ ኮሎምቢያ ተነስተው በቀዘቀዘው ባሕር ላይ ወደ ሰሜን አመሩ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ብዙ ሰውና ብዙ ውሻ ይነሳል። እየተፈራረቁ መንገድ ይከፍታሉ፣ ስንቅ ያደርሳሉ፣ ከዚያ በቡድን በቡድን ይመለሳሉ። የመጨረሻው ተመላሽ የመርከቡ ካፒቴን ቦብ ባርትሌት ነበር። በ87 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ላይ፣ ዋልታው 133 የባሕር ማይል ሲቀረው እንዲመለስ ታዘዘ።

ስድስት ሰው ቀረ። ፒሪ፣ ሄንሰን፣ ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉ እና ኡክዌያ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ኢኑግዊት ናቸው።

በእነዚህ ቀናት ሄንሰን ሊሞት ነበር። ሁለት የበረዶ ሜዳዎች በተለያዩበት ስንጥቅ ላይ ጋሪውን እየገፋ ሲሻገር የረገጠው በረዶ ተንሸራተተና ውኃ ውስጥ ገባ። ኡታ ከአንገቱ ላይ ይዞ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ጫማውን ለወጠለት፤ የድብ ቆዳ ሱሪው ላይ የነበረውን ውኃ ሳይጋግር በፊት እየመታ አራገፈለት። ከዚያ ጉዞ ቀጠሉ። በዚያ ብርድ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆም ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የዚህ ፎቶ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ካሜራ የሚይዝ እጅ ማን አለው?

ኤፕሪል 6 ቀን 1909፣ በእኛ መጋቢት 28 ቀን 1901 ዓ.ም.፣ ፒሪ ካምፕ ጄሰፕ ብሎ የሰየመው ቦታ ላይ ቆሙ። ሄንሰን በኋላ እንደተናገረው እሱ ከፒሪ 45 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው የደረሰው። እዚያ ከ30 ሰዓት ያላነሰ ቆዩ። የዚህ ሁሉ ታሪክ ዋና ምስል የተነሳው በዚያ ቆይታ ነው።

ፎቶውን ቀረብ ብለን እንየው። አምስት ሰዎች የተከመረ የበረዶ ጉብታ ላይ ቆመዋል። አምስቱም ባንዲራ ይዘዋል። ከግራ ጀምሮ ኡክዌያ የባሕር ኃይል ሊግን ባንዲራ ይዟል። ኡታ የያዘው ፒሪ ኮሌጅ እያለ የነበረበትን የተማሪዎች ማኅበር ባንዲራ ነው፤ አዎ፣ ሰሜን ዋልታ ድረስ የኮሌጅ ማኅበር ባንዲራ ተሸክመው ሄደዋል። ኤጊንግዋ የሰላም ባንዲራ፣ ሲግሉ የቀይ መስቀል። መሃል ላይ ሄንሰን አለ። የእሱ ባንዲራ ከሁሉም ይለያል። የፒሪ ሚስት ጆሴፊን የሰፋችው የአሜሪካ ባንዲራ ነው። ፒሪ በየጉዞው ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞ ይይዘው ነበር፤ የደረሰበት ሩቅ ቦታ ሁሉ ቁራጭ እየቆረጠ ይተዋል። የተቆረጠው ቦታ በነጭ ጨርቅ ይጣፋል። ስለዚህ ባንዲራው የፒሪ የግል የሕይወት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ያን የሕይወት ታሪክ ፎቶው ላይ ከፍ አድርጎ የያዘው ሄንሰን ነው።

ፒሪ ፎቶው ውስጥ የለም። ካሜራውን የያዘው እሱ ነዋ! ነገሩ አስቂኝ ነው። ዓለም "ሰሜን ዋልታን ያገኘው ሰው" ብሎ አንድ ነጭ መኮንን ሲያወድስ፣ ለማስረጃ የቀረበው ዝነኛ ፎቶ ላይ የቆሙት አንድ ጥቁርና አራት ኢኑግዊት ናቸው። ሆኖም ማንም ግር አላለውም። ማን አዘዘ፣ ማን ታዘዘ የሚለው ከፎቶው በፊት ተወስኗል። አንባቢው የተማረው ሰዎቹን እንደ ባንዲራ ተሸካሚ እንዲያይ ነው።

ጥላው ሲለካ

ይህ ፎቶ ከተነሳ ከ80 ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ማስረጃ ሆነ።

ጥርጣሬው የቆየ ነው። ፒሪ ሲመለስ ፍሬድሪክ ኩክ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ በአንድ ዓመት ቀድሜዋለሁ ብሎ ጠበቀው። የኩክ ወሬ ብዙም አልቆመም። የፒሪም ቢሆን ቀዳዳ ነበረው። ባርትሌት ከተመለሰ በኋላ ያለው ፍጥነት በፊት ከነበረው እጥፍ ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ተንሸራትተው እንደሆነ የሚያረጋግጥ ልኬት አልወሰደም። የፒሪን ስሌት በሙያ ሊመሰክር የሚችለው ባርትሌት ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ተመልሷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የዋልታ ተጓዥ ዋሊ ኸርበርት የፒሪን ማስታወሻ መርምሮ፣ ፒሪ ዋልታው ላይ አልደረሰም፣ በብዙ ማይል ስቶታል አለ። ኸርበርት ዝም ብሎ ተቺ አልነበረም። ኤፕሪል 6 ቀን 1969፣ ልክ በ60ኛው ዓመት፣ በውሻ ጋሪ ሰሜን ዋልታ ደርሷል።

ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ ይህን ሲሰማ ናቪጌሽን ፋውንዴሽን የተባለ የባሕር ቀመር ባለሙያዎች ድርጅትን አስመረመረ። እነሱም ሌላውን ማስረጃ ካዩ በኋላ ፎቶዎቹ ላይ ያለውን ጥላ ለኩ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ዋልታው ላይ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም፤ በአንድ ከፍታ ዙሪያውን ትዞራለች። ኤፕሪል 6 ላይ ከፍታዋ ከአድማስ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ መካከል ነው። በዚህ ከፍታ የሰው ጥላ ከቁመቱ ከ8 እጥፍ በላይ ይረዝማል። ከዋልታው 60 የባሕር ማይል ብትርቁ ፀሐይ በቀኑ ውስጥ አንድ ዲግሪ ትወጣለች፣ አንድ ዲግሪ ትወርዳለች። ስለዚህ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓትና የካሜራውን ሌንስ ካወቃችሁ፣ ጥላዎቹ ከሚገናኙበት አቅጣጫ የፀሐይዋን ከፍታ፣ ከከፍታዋም ቦታውን ማስላት ትችላላችሁ።

መርማሪዎቹ በ1989 ፒሪ ነኝ ካለበት ቦታ ከጥቂት ማይል በላይ አልራቀም ብለው ደመደሙ። ተቺዎች ግን አልተዋጠላቸውም። ሰዓቱ ከፒሪ ቃል የመጣ ነው፤ አድማሱ በበረዶ ክምር ተሸፍኗል፤ የጥቂት ሚሊሜትር ስህተት ብዙ ማይል ይሆናል። በዚያ ላይ ምርመራውን ያዘዘው ማኅበር በ1909 የፒሪን ቃል ያጸደቀው ያው ማኅበር ነው። የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁ፣ ፒሪ ተጠግቷል፤ ደርሷል ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር ግን ማስረጃው አይበቃም። ሄንሰንም ቢሆን አብሮ ነው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው። "ሰሜን ዋልታን መጀመሪያ የረገጠው ጥቁሩ ሰው ነው" ብሎ መጻፍ ደስ ይላል፣ ላይክም ያስገኛል። ግን ፒሪ ካልደረሰ 45 ደቂቃ የቀደመውም አልደረሰም። የሄንሰን ክብር የግድ በዚያች ነጥብ ላይ መንጠልጠል የለበትም። በዚያ በረዶ ላይ ያንን ያህል መሄዱና በሕይወት መመለሱ የማያከራክር ነው።

ከሥሩ የተጻፈው

ፒሪ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ሄንሰንን ለምን እንደመረጠ ያስረዳል። በመጀመሪያ ያመሰግነዋል። ከኢኑግዊቶቹ በስተቀር ጋሪ በመንዳት የሚያህለው የለም ይላል። ቀጥሎ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ሄንሰን እንደ ባርትሌትና እንደ ሌሎቹ ነጮች ቡድን እየመራ መመለስ አይችልም፣ ድፍረትና ቆራጥነት በዘሩ የለውም ይላል። ያንን የጻፈው ሰው በ1899 በጋሪ ታስሮ ወደ መርከቡ የተመለሰው ያው ፒሪ መሆኑን ልብ በሉ።

በ1912 ለሄንሰን መጽሐፍ መቅድም ሲጽፍ ደግሞ ለስለስ አለ። ዘርም ሆነ ቀለም የቆረጠ ልብን አያግድም አለ። እዚያው ላይ ግን ሄንሰንን የሐሩር ምድር ልጅ ይለዋል። ሜሪላንድ ሐሩር ምድር ከሆነች እንግዲህ ዋሽንግተን ውስጥ ካፖርት የሚገዛ ሰው የለም ማለት ነው! መቅድሙ ክፋት የለውም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል። ፒሪ ከ20 ዓመት በላይ አብሮት የኖረውን ሰው ሲያይ እንኳ መጀመሪያ የሚታየው ከፎቶው ሥር ሊጻፍ የሚችል አንድ መስመር ነበር።

በመካከላቸው ያለው ነገር ከዋልታው ጀምሮ ቀዝቅዟል። ሄንሰን በ1910 ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ፒሪ ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ድሮው አላናገረኝም ብሏል። ምክንያቱን ብዙዎች ሄንሰን ቀድሞ ከመድረሱ ጋር ያያይዙታል። ፒሪ ሪር አድሚራል በሚባለው ከፍተኛ የባሕር ኃይል ማዕረግ ጡረታ ወጣ፤ በ1920 ሲሞት በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር በክብር ተቀበረ። ሄንሰን ለጊዜው በየአዳራሹ ንግግር አደረገ፤ ከዚያ ብሩክሊን ውስጥ ጋራዥ ውስጥ ሠራ። በ1913 በፕሬዝዳንት ታፍት ትእዛዝ ኒውዮርክ ጉምሩክ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ በዓመት 900 ዶላር ነበር። እዚያው ጸሐፊ ሆኖ በ1936 ጡረታ ወጣ። ልዩ ጡረታ ይሰጠው የሚል ረቂቅ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር፤ ኮንግረሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የጉምሩክ ዓመታት ፎቶ በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም። ይህ ራሱ ይገርማል። ከ42 ዓመቱ በኋላ 46 ዓመት ኖሯል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ጸጉራም ኮፍያውን ነው።

ፎቶ የያዘው ሽማግሌ

ዕውቅናው ዘግይቶ መጣ። ኤክስፕሎረርስ ክለብ የሚባለው የአሳሾች ማኅበር በ1937 አባል አደረገው። በ1944 ኮንግረስ ለጉዞው አባላት ሜዳሊያ እንዲሰጥ ወሰነ፤ የሄንሰንም ስም ገባበት። በ1954 ከባለቤቱ ከሉሲ ጋር ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ዘንድ ዋይት ሐውስ ተጋበዘ።

ከሁሉም ምስሎቹ እኔ የምወደው ግን ከዚያ በአንድ ዓመት የሚቀድመውን ነው። በ1953 ወርልድ ቴሌግራም የተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ቤቱ ድረስ ሄዶ አነሳው። ሄንሰን ከ85 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተቀምጧል። እጁ ላይ የሮበርት ፒሪን ፎቶ ይዟል።

ይህ ፎቶ በሁለት መንገድ ይነበባል። አንደኛው ያበሳጫል። ሰውዬው በራሱ ፎቶ ውስጥ እንኳ የአለቃውን ፎቶ ተሸክሟል፤ ዘንድሮም ባንዲራ ያዥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። በ1909 ካሜራ የያዘው ፒሪ፣ የታየው ሄንሰን ነበር። አሁን ፒሪ ክፈፍ ውስጥ ነው፤ ክፈፉን የያዘው ሄንሰን ነው። የትኛውን ፎቶ አንሺው እንዳሰበው አላውቅም፤ የጋዜጣ ሰው ምናልባት የቸኮለው ዜናው ለማተሚያ እንዲደርስ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሄንሰን እስከ መጨረሻው ስለ ፒሪ በሕዝብ ፊት ክፉ ቃል ሲናገር ብዙም አልተሰማም። ታማኝነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ልምድ ያለው ሰው ጥንቃቄም ይመስለኛል።

ማርች 9 ቀን 1955 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ። ብሮንክስ ዉድሎን መቃብር ተቀበረ።

የሌሎቹ ፊት

ከሁሉም ያነሰ የተነገረው የግሪንላንዱ ወገን ነው። ፒሪ ኢኑግዊቶችን ብዙ ፎቶ አንስቷል። አንዷ አሌቃሲና ትባላለች፤ ከፒሪ ልጅ የወለደች ናት። በ1898 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ራቁቷን የተነሳችበት ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ያለው ስሟ ሳይሆን የባሕር አቆስጣን የሚጠቅስ ማሳመሪያ መጠሪያ ነው። በሳይንስ ስም የተደረገ ነው ይባላል። ዛሬ ስናየው ያሳፍራል። የ1909ኞቹ አራት ሰዎችም ቢሆኑ በብዙ መጽሐፍ "አራቱ ኤስኪሞዎች" ተብለው ነው የታለፉት። ሄንሰንን ከውኃ ያወጣው ኡታ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንጽፍለት ጉዳይ አይኖርም ነበር።

ሄንሰንም አካቲንግዋ ከተባለች ሴት አናውካክ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዷል፤ ልጁ የተወለደው በ1906 ነው። ሄንሰን ከ1909 በኋላ ወደ ሰሜን አልተመለሰም። አባትና ልጅ ዳግመኛ አልተያዩም። ከሉሲ ጋር ልጅ ስላልነበረው የእሱ ዘር የቀጠለው ግሪንላንድ ውስጥ ነው። የሃርቫርዱ አለን ካውንተር በ1986 እዚያ ሄዶ አናውካክንና የፒሪን ልጅ ካሊን አገኛቸው። ሁለቱም ሰማንያ ዓመት ገብተዋል። በ1987 ወደ አሜሪካ መጥተው ዘመዶቻቸውን አዩ፤ የአባቶቻቸውንም መቃብር ጎበኙ።

የካውንተር ጥረት በዚህ አላበቃም። የፕሬዝዳንት ሬገንን ፈቃድ አግኝቶ የሄንሰንና የሉሲ አጽም ኤፕሪል 6 ቀን 1988 ከብሮንክስ ወደ አርሊንግተን ተዛወረ። ከፒሪ አጠገብ አረፉ። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ቅርባችሁ ነው። ለእንግዳ የኬኔዲን መቃብር ስታሳዩ ጥቂት ብትራመዱ ታገኙታላችሁ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ፊት ያው በጸጉራም ኮፍያ የተከበበው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1986 የወጣው የ22 ሳንቲም የአሜሪካ ቴምብርም ሁለቱን አብሮ ነው ያወጣቸው።

ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ ትልቁን ሜዳሊያውን፣ ኸባርድ የሚባለውን፣ ለፒሪ በ1906፣ ለባርትሌት በ1909 ሰጥቶ ነበር። ለሄንሰን የሰጠው በ2000 ነው፤ ከሞተ ከ45 ዓመት በኋላ።

ቀጥሎ ደግሞ ጨረቃ መጣች። በጨረቃ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለ ትልቅ ጉድጓድ ከድሮ ጀምሮ ፒሪ ይባላል። በ2021 የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ለሄንሰንም አንድ ጉድጓድ ሰየሙለት፤ ግን በተቃራኒው ጫፍ፣ ደቡብ ዋልታ አጠገብ። ጎረቤቱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስቨርድሩፕ የሚባለው ጉድጓድ፤ ፒሪ ጣቶቹን ያጣው እሱን ልቅደም ብሎ ነው።